ለዜማው ይቅርታ አልጠይቅም

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴን ያመኛል፤ የጃፓን ዘፈን እሰማለሁ። ሦስቱንም አልደብቅም። ከቢሮ ስመለስ ጫማዬን አውልቄ፣ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ስልኬን እከፍታለሁ። ባሕር፣ ፀሐይ፣ ሽሮፕ የፈሰሰበት የተፈጨ በረዶ፣ በነሐሴ መጨረሻ ባቡር ጣቢያ ላይ የሚለያዩ ልጆች። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የኔ ባሕር በጠራ ቀን ከዳሞታ ተራራ ላይ ሆኜ ከሩቅ የማያት አባያ ሐይቅ ናት፤ ትበቃኛለች።

ዘፈኖቹ የተዘፈኑት እኔ ወጣት ሳለሁ ነው። ዛሬ የሚሰሟቸው ደግሞ እንደኔው ሽበታቸውን ቀለም የሚቀቡ ሰዎች ናቸው። አንዱ ሰብስቦ «ሃምሳ ለሞላን፦ የድሮ በጋችን» የሚል ስም ሰጥቷቸዋል፤ ስልኩ ነው የተረጎመልኝ። ከታች የሚጻፈውንም እያስተረጎምኩ አነባለሁ። አንዱ «ሚስቴ ይሄን ስትሰማ ምግብ ታሳርር ነበር» ይላል። አንዷ «ያን ዓመት ፀጉሬ ወገቤ ድረስ ነበር» ትላለች። አንድ ቀን እኔም ደፈር ብዬ በአማርኛ «ከወላይታ ሶዶ፣ እኔም አለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ ልብ ላኩልኝ። ያን ቀን በደስታ ራቴን አልበላሁም።

ልጆቼ ይስቁብኛል። «እማ፣ ቋንቋውን ሳታውቂው ምኑን ነው የምትሰሚው?» ይለኛል ትልቁ። «አንተ ቀኑን ሙሉ የምትሰማውን እንግሊዝኛ እስቲ ተርጉምልኝ» ስለው ይወጣል።

የልጆቹስ ሳቅ ምንም አይደል። በነዚህ ዘፈኖች ሰበብ ከቤተክርስቲያን ኅብረት ታግጃለሁ፤ እሱንም ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬን ማጣት ነበር። የምጽፈው እሱን ነው። ቤታችን ውስጥ የምናወራው ወላይትኛ ነው፤ ግን ዕድሜዬን ሙሉ መዝገብ ቤት ተቀምጬ በአማርኛ ደብዳቤ ስጽፍ ስለኖርኩ እጄ የለመደው ይሄንኑ ነው። ጥፋቴንም፣ ያላጠፋሁትንም በለመድኩት እጽፋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ የወንጌል አማኞች ዘንድ ሁለት ዓይነት ዜማ ነው ያለው፤ መዝሙርና ዘፈን። መዝሙር ይዘመራል። ዘፈን ከሆነ ሬዲዮው ይዘጋል፣ ሚኒባስ ውስጥ ከሆነም ሾፌሩ ይለመናል፣ እምቢ ካለ በልብ ይጸለያል። እኔም ያደግኩት እንደዚያ ነው። እናቴ ቤት ዘፈን አልገባም፤ ጃፓኗ እስክትመጣ ድረስ።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። እናቴ የጓሮ ክፍላችንን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ልታስተምር በፈቃደኝነት ለመጣች አንዲት ጃፓናዊት አከራየች። ሰፈሩ ሁሉ «ጃፓኗ» ይላታል። ቀጭን፣ ከኔ ትንሽ የምትበልጥ፣ በአማርኛዋ ወንዱን «አንቺ» ሴቱን «አንተ» የምትል፤ በዚህ እንኳ ከኛ ሰፈር ሰው ብዙም አትለይም። በመጣች በሳምንቷ እናቴ ቦይና፣ ሌላው አገር ጎደሬ የሚለውን ሥር፣ ቀቅላ በበርበሬ ዳጣ አቀረበችላት። ጃፓኗ የተላጠውን ቦይና አንስታ ትኩር ብላ አየችው፣ ቀመሰችው፣ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞልቶ «ይሄ የኛ ነው። አያቴ ጓሮ አለ» አለች። እናቴ ተቆጣች። «የምን የናንተ? የወላይታ ነው!» ጃፓኗ ግን ሥሩን፣ ቅጠሉን፣ ልጣጩ እጅ እንዴት እንደሚያሳክክ ሳይቀር ተናገረች። እናቴ ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አድርጋ «እንግዲያው ጨምሪ» አለቻት። ከዚያ ወዲያ የቤት ልጅ ሆነች።

ካሴቱን የሰማሁት በመጀመሪያው ክረምቷ ነው። ትምህርት ተዘግቷል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ጭቃው ጉልበት ድረስ ነው። እሷ አልጋዋ ላይ ኩርምት ብላ ቴፗን ጆሮዋ ሥር አድርጋ ታለቅሳለች። «ምን ሆንሽ?» አልኳት። «የበጋ ዘፈን ነው» አለችኝ። እኔ በሳቅ ፈነዳሁ። በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ምን በጋ አለ! እሷም እያለቀሰች ሳቀች። አገሯ ሐምሌና ነሐሴ በጋ ነው፤ ሙቀቱ አያድርስ ነው። ልጆች ባሕር ይወርዳሉ፣ በመስከረም ሁሉም ያልቃል። ስለዚህ ዘፈኖቻቸው ወቅቱ ሲያልፍ ያለቅሳሉ። እኛ ደግሞ ያው መስከረም ሲጠባ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ደረሰ ብለን በሬ የምናርደው በዚያው ሰሞን ነው። እነሱ የሚያለቅሱበት ወር እኛ የምንዘልበት መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከካሴቱ ሁሉ በሁለተኛው ገጽ አራተኛው ዘፈን ያዘኝ። ቃሉን አላውቅም፤ ዜማው ግን መጀመሪያ ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ እየተጠራጠረ፣ በሦስተኛው ጊዜ ቀና ብሎ ይወጣል። ሲወጣ ደረቴ አብሮ ይከፈታል። «አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» እያልኩ አስቸገርኳት። ባትሪው ሲደክም በጥርሴ ነክሼ፣ ፀሐይ ስትወጣ አስጥቼ ጉልበቱን መለስኩለት። ቃሉንም ድምፁን እየተከተልኩ ሸመደድኩት፤ ምን እንደሚልም አንድ ማታ ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ። ስትሄድ ካሴቱን ትታልኝ ሄደች። እኔም ከልብሴ ሥር ደበቅኩት።

ጓደኛዬ ይህን ዜማ ከአፌ የሰማችው በዓመቱ ነው። እሷ ከሻንቶ ተድራ የመጣች፣ አባቷ ወንጌላዊ፣ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ ያገባች፣ ድምፅዋ ግን መዘምራን ውስጥ ካለነው ሁሉ የሚበልጥ ሴት ናት። አንድ ቀን ቧንቧ ላይ ልብስ ስናጥብ ሳላስበው አጎረጎርኩት። እጇ ሳሙናው ላይ ቆመ።

«ምንድን ነው እሱ?»

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ዘፈን ነው ብላት ጆሮዋን እንደምትዘጋ አውቃለሁ፤ የወንጌላዊ ልጅ ናት። እኔ ደግሞ እንድትሰማው ፈለግኩ። በቃ፣ ከዚያ የበለጠ ምክንያት የለኝም። «መዝሙር ነው» አልኳት ዓይኔን በጨው አጥቤ። «የጃፓን አማኞች መዝሙር።»

«ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት። በሳምንቱ ቃል አውጥታለት መጣች፤ በወላይትኛ፣ ጥርት ያለ የምስጋና ቃል። ክረምቱን ስላሳለፈን፣ የታመመው ስለዳነ፣ ጎተራው ባይሞላም ልጆቹ ስላልጎደሉ። ጽፋ አላመጣችም፤ ቧንቧው ሥር ቆማ ነው የዘመረችልኝ። ባልዲዬ ሞልቶ ሲፈስ አላየሁትም።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ስምንት ዓመት፣ ጊፋታ ሊደርስ ሲል በሚውለው የምስጋና እሁድ ያ መዝሙር ሳይዘመር ቀርቶ አያውቅም። ዲምቱና ሌላም ወረዳ ያሉ ምእመናን ወስደውታል። ኦቶና ሆስፒታል ተኝተው የወጡ ሰዎች ከበር ላይ ሲዘምሩት ሰምቻለሁ። ጓደኛዬ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሌላ መዝሙር አልጻፈችም። ሰባት ልጆች አሳደገች፣ ባሏን ቀበረች፣ ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ ስኳር ዓይኗን ወሰደባት። ሰው ሲያስተዋውቃት «የምስጋናው መዝሙር ባለቤት» ይላል፤ እሷ አንገቷን ትደፋለች፤ ደስ እንደሚላት ግን አውቃለሁ። እኔም የሆዴን በሆዴ ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

ካሴቱ ከጊዜ በኋላ ተበላሸ። ዘፈኑ በስልክ ተመልሶ የመጣልኝ ባለፈው ዓመት ነው፤ ያንን «የድሮ በጋችን» የሚለውን ስብስብ ስከፍት። ያ የካሴቱ አራተኛ ዘፈን ሲጀምር እዚያው ወንበሬ ላይ ጮህኩ። ልጆቼ መርዶ የሰማሁ መስሏቸው እየሮጡ መጡ።

በነሐሴ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ቤት እያጸዳሁ ነው። የመዘምራን መሪያችን የሆነው ወጣት የመዝሙር ዝርዝር ሊወስድ መጣና በር ላይ ደርቆ ቀረ። ከስልኩ የሚወጣው ከበሮ አለው፣ ጊታር አለው፣ ሴት ልጅ በጃፓንኛ ትዘፍናለች፤ ዜማው ግን ያ ነው።

«አክስቴ!» አለኝ ክው ብሎ። «መዝሙራችንን ማነው ዘፈን ያደረገው? ሌቦች!»

ዝም ማለት ነበረብኝ። ስልኩን መዝጋት፣ ቡና ልጥድልህ ማለት፣ ስንት ነገር ነበር። እኔ ግን ደስታ አቅሌን አስቶኝ «ኧረ የኔ ጌታ፣ እነሱ የኛን አልወሰዱም፤ እኛ ነን የነሱን የወሰድነው!» ብዬ ሳቅኩ። ሳቄ ሳያልቅ ፊቱን አየሁት። በዚያች ደቂቃ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ።

ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። ሦስት ናቸው፤ ቢሮው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። መሃል የተቀመጠው አብሮኝ የተማረ ነው። ድሮ በትምህርት ቤት በዓል ትከሻውን ሲያርገፈግፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱን ግን አላነሳሁበትም። ማንሳት ነበረብኝ።

«እህታችን፣ ያ ዜማ ከየት ነው የመጣው?»

«ከጃፓን።»

«መዝሙር ነው ዘፈን?»

«እዚያ ዘፈን ነው። እዚህ መዝሙር ነው።»

«ሁለቱንም ሊሆን አይችልም» አለ።

ደሜ ፈላ። «የቤተክርስቲያናችንን ኪቦርድ እስቲ ገልብጣችሁ እዩት» አልኩ። «የት ነው የተሠራው የሚለው? ጉባኤ የምትሄዱበት ሚኒባስስ? ኪቦርዱ ሲመጣ እጃችሁን ጭናችሁ ጸለያችሁበት። በዜማውም ሃያ ስምንት ዓመት አለቀሳችሁበት፣ ተፈወሳችሁበት። ኃጢአት መሆኑ ዛሬ ነው የሸተታችሁ?»

«ዕቃ ሌላ ነው፣ ዜማ ሌላ ነው። የዘፈን መንፈስ አለው።»

«ሃያ ስምንት ዓመት የት ተደብቆ ነበር መንፈሱ?»

አብሮ ተማሪዬ ጠረጴዛውን መታ። ዳር የተቀመጡት ትልቁ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና «ልጄ፣ እኔም ያን መዝሙር በጣም እወደው ነበር። የፈራሁትም ለዚያ ነው» አሉኝ። ዛሬም ሳስባቸው አልቆጣም።

ከዚያ የሚቀጥለው ጥያቄ መጣ። «የመዝሙሩ ባለቤትስ? ዘፈን መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም» አልኩ። «እኔ ነኝ የዋሸኋት።»

ውሳኔውን ነገሩኝ። ቃሉ ጥሩ ስለሆነ ይቆያል፤ መሪው ሌላ ዜማ ያወጣለታል። እኔ በምስጋናው እሁድ ማኅበሩ ፊት ቆሜ «ዓለማዊ ዜማ ወደ ጌታ ቤት በማስገባቴ በድያለሁ» ካልኩ ይቅር ይሉኛል። ካላልኩ ለአንድ ዓመት ከኅብረት እታገዳለሁ፤ ቅዱስ ቁርባን የለም፣ መዘምራን የለም፣ ቦታዬ የኋላው ወንበር ይሆናል። ለማሰብ ሦስት ሳምንት ሰጡኝ።

እኔ ያሰብኩት ግን ስለ ወንበሩ አልነበረም። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ለጓደኛዬ መንገር አለብኝ። በዝናቡ ወጥቼ ከጊቢው አጥር ማዶ ወዳለው ቤቷ በቀጥታ ሄድኩ። ቁጭ ብላ ቦሎቄ ትፈለፍላለች፤ ጣቶቿ ከዓይን በላይ ያያሉ። ገና ከበሩ ስገባ «ምን ሆነሻል? አረማመድሽ ልክ አይደለም» አለችኝ።

ነገርኳት። ሳልቀባባ፣ ሳላሳምር፣ ከቧንቧው ጀምሬ። ጣቶቿ ቦሎቄው ላይ ቆሙ።

«መዝሙር አይደለም?»

«አይደለም።»

«ስለ ምንድን ነው ታዲያ?»

«ስለ… ወንድና ሴት ነው።»

የቦሎቄውን ሰፌድ ከጭኗ ላይ አውርዳ መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ባልተቆጣ፣ በደከመ ድምፅ፣ «እኔ በዚያ መዝሙር አባቴን ሸኝቼዋለሁ፤ የወንጌል ሰው ነበር» አለች። «እግሩ ሥር ተቀምጬ ነው የዘመርኩለት። አንቺ አጠገቤ ነበርሽ። አውቀሽ ነበር የተቀመጥሽው?»

«አውቄ ነው።»

«ውጪልኝ» አለች።

ወጣሁ። ባጃጅ አልያዝኩም፤ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ሲቀር ጎንበስ ብዬ አወጣሁት፣ እያለቀስኩ። እሷን የሚያህል ሰው በሕይወቴ የለኝም። ባሌ ሲሞት አርባ ቀን አብራኝ ያደረችው እሷ ናት። ከሽማግሌዎቹ ጋር ስከራከር አፌ ሰፊ ነበር፤ እሷ ፊት ግን አንድ ቃል አልነበረኝም፤ ምክንያቱም እሷን በድያታለሁ። እነሱን ግን አልበደልኩም። መንገድ ላይ እሁድ ምን እንደምል ወሰንኩ።

የምስጋናው እሁድ ቤቱ ሞልቷል። ነጭ ቀሚሴን ለበስኩ፤ ተጎሳቁዬ ልታይላቸው አልፈለግኩም። አብሮ ተማሪዬ ማይኩን ሰጠኝና ወረቀትም ጨመረልኝ፤ የምናገረውን ጽፎት ነበር። ወረቀቱን አጥፌ እጄ ውስጥ ያዝኩት። ጓደኛዬ በሁለተኛው ረድፍ ከልጇ ጋር ተቀምጣለች፤ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

«ዋሽቻለሁ» አልኩ። «ያ ዜማ የጃፓን ዘፈን እንደሆነ እያወቅኩ፣ መዝሙር ነው ብዬ የምታምነኝን እህቴን ዋሽቻታለሁ፤ በእሷ በኩል እናንተንም። ስለ ውሸቴ እሷን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እናንተንም እጠይቃለሁ።» እዚህ ድረስ አብሮ ተማሪዬ ራሱን ይነቀንቅልኛል። «ለዜማው ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ዜማው ማንንም አልበደለም። ከአገሯ ርቃ እናቴ ቤት ያለቀሰች ልጅ ትታልን የሄደችው ነው። እናንተም አልቅሳችሁበታል፤ እንባችሁ ውሸት ነበር ወይ?»

ማይኩ እጄ ውስጥ እያለ ጠፋ። የት እንደሚዘጋ የሚያውቅ ሰው ነበረ። በጠፋ ማይክ ቆሜ ትንሽ ጠበቅኩ። ሄጄ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ መዘምራኑ ተነሱ። አዲሱ ዜማ ተጀመረ። ወጣቱ ለፍቶበታል፤ አልዋሽም። ግን ቃሉና ዜማው እንደተጣሉ ባልና ሚስት ጀርባ ሰጥተው ይሄዳሉ። የመጀመሪያውን አንቀጽ እንደምንም ጨረሱት። ሁለተኛው ላይ ሴቶቹ ጋ የአንዷ ጉሮሮ ወደ አሮጌው ሸተት አለ፤ ሌላዋም ተከተለች። መሪው እጁን እያወናጨፈ መለሳቸው። ሦስተኛው ላይ እንደገና ሄዱ። ኪቦርዱ አንድ ቦታ፣ ሰዉ ሌላ ቦታ። ከኋላ ሆኜ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ፤ እየሳቅኩ ዓይኔ ግን እሷ ጀርባ ላይ ነበር። ጓደኛዬ አፏን አልከፈተችም። የገዛ ራሷ ቃል ሲዘመር ከንፈሯን ገጥማ ተቀመጠች፤ ሲያልቅ ልጇ ክንዷን ይዛ አወጣቻት።

ጊፋታ መጣ። በየዓመቱ ጠዋት እኔ እሷ ጋ እሄዳለሁ፤ ከሰዓት እሷ እኔ ጋ ትመጣለች፤ ሥጋውን ሳህን ቀያይረን ነው የምንበላው። ዘንድሮ ሳህኗን ሞልቼ ላክሁላት። ባዶውን አጥባ መለሰችልኝ፤ ምንም አልጨመረችበትም። ልጆቼ እየበሉ እያየኋቸው ተነስቼ ጓሮ ገባሁ። የኋላው ወንበር እንኳ እንዲህ አልከበደኝም። እዚያ በየእሁዱ ነጭ ቀሚሴን ለብሼ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ሰላም የሚለኝን እላለሁ፣ የማይለኝንም ቀድሜ እላለሁ።

ከምስጋናው እሁድ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ፣ ልጇ ቢሮዬ መጣች። «አክስቴ፣ እናቴ ትጠራሻለች» አለችኝ። የያዝኩትን ፋይል የት እንዳስቀመጥኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

እዚያው ወንበሯ ላይ ናት። ልጇን ወደ ሱቅ ላከቻትና ሁለታችን ቀረን።

«አንቺ ውሸታም» አለችኝ።

«ነኝ።»

«ተቀመጪ። ሙሉውን ንገሪኝ። የመጀመሪያው ቃሉ ምን ይላል?»

ጃፓኗ በዚያ ክረምት የነገረችኝን ነገርኳት። ባሕር ዳር በረዶ የምትሸጥ ልጅ አለች። ከከተማ አንድ ልጅ ይመጣል፤ በጋውን ሙሉ እየመጣ ይገዛታል። በጋው ያልቃል፣ ሱቁ በጣውላ ይመታል፣ እሱ ባቡር ይሳፈራል። «በሚመጣው ዓመት» ይላታል። እሷ እጇን ታውለበልባለች። በቃ።

«መጣ?»

«ዘፈኑ አይናገርም።»

«አልመጣም» አለች ቁርጥ አድርጋ። «ሞኝ ናት።» ከዚያ እጇን ዘርግታ ጉልበቴን ፈልጋ ያዘችው፣ የሚያመኝን።

«ስሚኝ» አለች። «ስለ ዋሸሽኝ ገና አልበረደልኝም፤ ሲበርድልኝ እነግርሻለሁ። ግን እነዚያ ሰዎች መጥተው ‹ቃልሽ ጥሩ ነው፣ እሱን አንነካብሽም› አሉኝ። እንደ ውለታ! እኔ ስምንተኛ ክፍል ያልጨረስኩ ሴት ነኝ። ቃል ከየት አመጣለሁ? ዜማው ነው ቃሉን የሰጠኝ። ዝቅ ሲል ክረምቱን ሰጠኝ፤ ቀና ሲል ልጆቼን ሰጠኝ። በዕድሜዬ ለራሴ የሠራሁት ነገር አንድ ነው። እሱን ለሁለት ቆርጠው ግማሹን ሰጡኝ፤ አመስግኚ ይሉኛል።»

እንባዬ መጣ። እሷ አላለቀሰችም።

«አስተምሪኝ» አለች።

«ምኑን?»

«የጃፓኖቹን። እንዳለ፣ በራሳቸው ቃል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አንቺንም ያግዱሻል!»

«ከምን? ከማላየው ከምን ያግዱኛል? አስተምሪኝ ነው ያልኩሽ።»

አስተማርኳት። ቃል በቃል፣ እኔ እላለሁ እሷ ትላለች። በጃፓንኛ ምላሳችን እየተሰናከለ፣ እየተሳሳቅን፣ እንደገና እየጀመርን፤ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ አንካሳ አንዷ ዓይነ ስውር። እሷ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያዘችው። ጆሮዋ ድሮም እንደዚያ ነው። ውጭ የመስከረም መጨረሻ ዝናብ እንደገና ጀምሯል።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ ድንገት።

«ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ነው።»

የእሷ ቤት ከቤተክርስቲያኑ ጊቢ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። ከመስኮቷ ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡበት ክፍል አሥር እርምጃ አይሞላም።

«ሐሙስ ስብሰባቸው ዘጠኝ ተኩል ነው» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ወንበሩን ተደግፋ ተነሳች። «መስኮቱን ክፈቺው።»

«ዝናብ ይገባብሻል።»

«ይግባ።»

ከፈትኩት። እኔን አልጠበቀችም፤ ጀመረች።